ከእህቴና ወፍ ከሚያውቀው ስልኳ ጋር፣ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ

አዳማ የወረድኩት ለሽርሽር አልነበረም። እህቴን ከነዕቃዋ ጭኜ ወደ ደብረ ብርሃን ላመጣት ነበር። ነገሩ እንዳሰብኩት ሳይሆን ቀረና፣ መጋዝና መላጊያ የለመደ ጆሮዬን ይዤ አንድ ሳምንት ሙሉ ወፍ ሳዳምጥ ሰነበትኩ። ከተመለስኩ ወዲህ የእንጨት ቤቴ በር ላይ እየቆሙ «ቆላው እንዴት ነበር?» የሚሉኝ ወዳጆቼ በዝተዋል። አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ወዲያ አልፈው አያውቁም፤ አሁንም የሚሄዱ አይመስለኝም። ለእያንዳንዳቸው ከማወራ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

እህቴ አስካለ ትባላለች፤ ታላቄ ስለሆነች እትዬ ነው የምላት። አዳማ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ሆና ኖራ ጡረታ ወጣች፤ ሰፈሩ ዛሬም «ሲስተር» ይላታል። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም። የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ዳር ዳሩን ስለወሰደባት አሁን የምታየው መሐሉን ብቻ ነው። በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው ትላለች። እጇ ላይ ያለውን ጽሑፍ ታነባለች፣ አጠገቧ ያለው በርጩማ ግን ይጥላታል። ሐኪሞቹ የቀረውን የሚያቆይ ጠብታ ሰጥተው፣ የሄደው እንደማይመለስ ነገሯት። ከዚያ ወዲህ ቤቷን ዘግታ ተቀመጠች። በስልክ «ደህና ነኝ» ትለኝ ነበር፤ ጎረቤቷ ዘይነባ ግን ደውላ «ወንድሜ፣ ሲስተር ከበር አትወጣም፤ አንድ ነገር አድርግ» አለችኝ። እኔም ጓሮዬ ያለውን ክፍል አስለስኜ፣ አልጋና ቁም ሣጥን ሠርቼ፣ ኅዳር ላይ ተነሣሁ።

ሰኞ

ከቤት ስወጣ ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር፤ እኔም ጋቢ ደርቤ ነበር። አዲስ አበባ ስደርስ ጋቢውን አጠፍኩ፣ በፈጣን መንገዱ ቢሾፍቱን ስናልፍ ሹራቤን አወለቅኩ፣ አዳማ መናኸሪያ ስወርድ የሚወልቅ ነገር አልቀረኝም። እኛ ዘንድ ሰው ፀሐይ ፍለጋ ግድግዳ ይደገፋል፤ እዚህ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ይደገፋል። የባጃጁ ሾፌር ጋቢውን ክንዴ ላይ አይቶ «ፋዘር፣ ከየት ነው?» እያለ እስከ ሰፈሩ ድረስ ሳቀብኝ።

እህቴን የጠበቅኳት ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝታ ነበር። ያገኘኋት ግን ግቢዋ ውስጥ፣ የፓፓያው ዛፍ ሥር፣ ስልኳን ወደ ላይ ዘርግታ ቆማ ነው። «እትዬ!» ብዬ ስጠጋ የመጀመሪያ ቃሏ «ዝም በል!» የሚል ነበር። ቆሜ ጠበቅኩ። ስልኩ ትር አለ። አየችውና «ቡልቡል ነው» ብላ፣ ከዚያ በኋላ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ።

ነገሩን ዘይነባ አስረዳችኝ። ዘይነባ ከወሎ መጥታ እዚህ ሱቅ የከፈተች ሴት ናት፤ ገና ሳልቀመጥ ለስላሳ ከፍታ አቀበለችኝ። «ወላሂ ወንድሜ፣ ስደውልልህ ሌላ ሴት ነበረች። ያንተ ማርታ መጥታ ያን ነገር ስልኳ ላይ ከጫነችላት ወዲህ ግን ቤት አትገባም። አሁን ደግሞ እኔን ዶሮሽን ዝም አሰኚ ትለኛለች!» ማርታ አዲስ አበባ የምትማር ልጄ ናት። የጫነችላት አፕ የሚሰማውን ድምፅ እንደ ልብ ምርመራ መስመር ስክሪኑ ላይ ይስላል፤ ወፍ ሲጮህ ያውቀውና ስሙን በእንግሊዝኛ፣ ከሥዕሉ ጋር ያወጣል። እህቴ ዛፍ ላይ ያለ ወፍ ፈልጋ ማግኘት አትችልም፣ እጇ ላይ ያለውን ስክሪን ግን ታያለች። ለኔ የሕፃን መጫወቻ መሰለኝ፤ ለማርታም ደውዬ ይህንኑ ነገርኳት።

እራት ላይ ስለ ዕቃ መሸከፍ ስጀምር እህቴ ሹካዋን አስቀመጠች። «መጀመሪያ ሻሸመኔ እንሂድ። ጫልቱን ማየት እፈልጋለሁ» አለች። ጫልቱ ድሮ አብረዋት የሠሩ ነርስ ናቸው። «መንገድ ላይ ሸክም ከሆንኩብህ፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ዕቃዬን እጭናለሁ። ካልሆንኩብህ ግን አልጋህን ለሌላ ስጥ። እጄንም አትያዝ፤ ስጠይቅህ ብቻ።» ተስማማሁ። የተስማማሁት እንደማሸንፍ እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው።

ማክሰኞ

ዘይነባ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ቋጥራ ሸኘችን። ሞጆ ወርደን የዝዋይ ሚኒባስ ያዝን። እህቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ አፑን ከፈተች። ቆቃን እንዳለፍን ፊቷ በራ፤ «ውብሸት፣ እይ! እዚህ አገር የሌለ ወፍ ጻፈ!» አለችኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። ወፉ እንደገና ዘመረ፤ ከኋላችን የተቀመጠች ወፍራም ሴትዮ ቦርሳዋን ከፍታ ስልኳን አወጣችና «ሄሎ፣ እየመጣሁ ነው አልኩህ እኮ!» አለች። ወፉ የስልክ ጥሪዋ ነበር። መኪናው ሙሉ ሳቀ፣ እህቴም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከባሏ ቀብር ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር።

ዓለም ጤና የምትባል ከተማ ልንደርስ ስንል ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ትርፍ ጎማውን ሲያወርድ እሱም ተንፍሶ ተገኘ፤ ሊያስነፋ በሌላ መኪና ሄደ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሽንኩርት ማሳ ነው። እኛ ዘንድ ሽንኩርት ከመርካቶ ተጭኖ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ እዚህ እንደ ግንብ ድንጋይ ተከምሮ ያድራል። እህቴ ማሳው ዳር ወዳለው ግራር ስልኳን ዘርግታ ሄደች፤ እኔም ሁለት እርምጃ ያህል ከኋላዋ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ ተከተልኩ።

አንድ ባለ ባርኔጣ የማሳ ጠባቂ ከየት እንደመጣ ሳናውቅ ፊታችን ተገተረ። «ምን እየቀረፃችሁ ነው?»

«ወፍ» አልኩት።

«ወፍ ይቀረፃል? ማን ላካችሁ?»

አገራችን ውስጥ ስልክ ወደ ላይ አንስቶ የቆመ ሰው ሊገጥመው የሚችለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መታወቂያዬን ላወጣ ስል እህቴ በኦሮምኛ ጀመረችው፤ «አካም ጅርቱ?» ብላ፣ ከሰላምታው ቀጥላ ስልኩን ጆሮው ሥር አስጠግታ የወፉን ድምፅ አሰማችው፣ ሥዕሉንም አሳየችው። ግንባሩ ተፈታ። ያን ወፍ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሚያውቀው፣ ስልክ ውስጥ ግን እንደማያውቀው ተናገረና፣ ባለ ማሳውን ኦቦ ገመቹን ጠራው።

ኦቦ ገመቹ ረጅም፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። በስልክ የሚያውቁ ሰዎች መጡ ሲባል ከግብርና የተላክን መሰለው። ጎረቤቶቹም ሰሙ፤ ብዙም ሳይቆይ ጫፉ ቢጫ የሆነ የሽንኩርት ቅጠል የያዙ ገበሬዎች ከበቡን። እህቴ «እኛ የወፍ ነን፤ ስለ ሽንኩርት አናውቅም» ብትል ማን ሰምቷት። ገመቹ «ስልኩ የሚበርረውን ካወቀ ቆሞ የሚጠብቀውን እንዴት አያውቅም?» አለ። ማርታ ለኔም የዕፅዋት አፕ ጭናልኝ ነበር፤ አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም። ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ሲያይ ቅጠሉን ፎቶ አነሣሁ። ስልኩ አሰበ፣ አሰበ፣ ከዚያ ስሙን አወጣ፤ ሽንኩርት።

የተሳቀውን ሳቅ ልነግራችሁ አልችልም። ገመቹ ትከሻዬን ይዞ «እኛማ ድንች ነው ብለን ተክለነው ነበር!» አለኝ። በሽታውን ግን ስልኩም እኔም አላወቅንለትም፤ ቅጠሉን ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ እንዲወስድ መከርነው።

በዚህ ሳቅ መሐል እህቴ የሆነ ድምፅ ሰምታ ወደ ጎን ሁለት ጊዜ ተራመደችና የመስኖ ቦይ ውስጥ ገባች። ድምፁን ሰምቼ ስዞር እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማለች፤ ስልኳን ግን እንደ ጧፍ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች። ጎትተን አወጣናት። ክርኗ ተልጧል፣ ቀሚሷ ጭቃ ብቻ ሆኗል። ፊቴ ብዙ ሳይናገር አልቀረም።

ሚኒባሱ እስኪሠራ መሸ። የገመቹ ሚስት አዴ ዲንቁ «ጭቃ ለብሳ ከቤቴ አትወጣም» ብላ የራሷን ቀሚስ አለበሰቻት። ረዳቱ ሻንጣችንን አውርዶ ሰጠንና እዚያው አደርን። እራት የበቆሎ ቂጣ በእርጎ፣ ከዚያ ከጓሮ የተቀነጠሰ ቃሪያና ቲማቲም ነበር። ገመቹ ከመብላታችን በፊት በኦሮምኛ ረጅም ጸሎት አደረገ፤ የገባኝ መጨረሻው ላይ ያለው አሜን ብቻ ነው። ባልና ሚስቱ አልጋቸውን ለእህቴ ለቀው እነሱ ምንጣፍ ላይ ሆኑ። እኛም እንግዳ እናከብራለን፤ አልጋችንን ግን ለዘመድ ካልሆነ አንለቅም።

ቁስሏን ስትጠራርግ «ይኸው እንግዲህ» አልኳት።

«ገና አንድ ቀን ነው» አለችኝ።

ረቡዕ

ዝዋይ በማለዳ ገባን፤ ባቱ የሚሏትም ይቺኑ ከተማ ነው። ከመኪና መውረጃው እስከ ሐይቁ በጋሪ ሄድን። ሆቴላችን ንጹሕ ነው፣ አጎበሩ ግን ለትንኝ በር የተከፈተለት ይመስላል። እኛን ቁንጫ ነው የሚያውቀን፤ ከትንኝ ጋር አልተዋወቅንም ነበርና ገና በቀትር ጋደም ስል ተዋወቅን።

ሐይቁ ዳር ዓሣ አስጋሪዎች ጀልባቸውን አስጠግተው ዓሣ ይገፍፋሉ። አባ ኮዳ የሚባለው መላጣ ትልቅ ወፍ አጠገባቸው በሰልፍ ቆሞ፣ ካፖርት የለበሰ ዘበኛ መስሎ ትርፍራፊ ይጠብቃል። ከሰው አይሸሽም። እዚያው በቅጠል ላይ የቀረበልንን የዓሣ ጥብስ በሎሚና በሚጥሚጣ በላን። ደብረ ብርሃን ላይ ዓሣ የጾም ግዴታ ነው፤ እዚህ ምሳ ነው።

ከበላን በኋላ እህቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና አፑን ከፈተች። ስሞቹ ከላይ ወደ ታች ይወርዱ ጀመር። እኔ በመጀመሪያ የሰማሁት ጩኸት ብቻ ነው። እሷ ግን ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ «ከግራህ፣ ከፍ ብሎ፣ ብቻውን ነው» አለችኝ። ቀና ብዬ ስፈልግ አንድ ደረቅ ዛፍ ጫፍ ላይ ራሱ ነጭ የሆነ ንስር ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ይጮኻል። «አገኘሁት» አልኳት። «ምን ይመስላል?» ነገርኳት። እንዲህ እያልን ብዙ ሰዓት ተቀመጥን፤ እሷ አቅጣጫውን ትሰጠኛለች፣ እኔ ፈልጌ መልኩን እነግራታለሁ። እሷ የምትሰማውን እኔ አልሰማም፣ እኔ የማየውን እሷ አታይም። እኛ ሰፈር ጠዋት ጠዋት በራሳችን ላይ እየጮሁ የሚያልፉ ትልልቅ ወፎች እንዳሉ ትዝ አለኝ፤ ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ልንነሣ ስንል ያበላሸሁት እኔው ነኝ። መንገዷ ላይ መረብ ተዘርግቶ ነበር። ቦዩ ትዝ አለኝና ክንዷን አፈፍ አድርጌ ይዤ፣ ለአስጋሪዎቹ ጮክ ብዬ «ዓይኗ አያይም፣ መንገድ ልቀቁላት!» አልኩ። አንዱ ከንፈሩን መጠጠ፣ አንዱ «አላህ ያሽራት» አለ፣ ሌላው ቀድሞ ያላያት ይመስል ወንበር ይዞ እየሮጠ መጣ። እህቴ አመስግና አለፈች።

ሆቴል ስንደርስ እንዲህ አለችኝ፤ «ትናንት ያ ጠባቂ ምን እየቀረፅሽ ነው ብሎ ተቆጣኝ። ስልክ የያዘ ሰው እንዲህ ነው፤ ይቆጡታል፣ ይጠረጥሩታል፣ ይስቁበታል። ማንም አያዝንለትም። ለዚህ ነው ይዤው የምወጣው። ዛሬ አንተ አንድ ቃል ተናገርክና ያ ሁሉ ሰው አዘነልኝ። ቁጣው ይሻለኛል።» ትንኝ ስገድል አመሸሁ።

ሐሙስ

ወደ ሻሸመኔ የያዝነው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ስሙን የሚያስመሰክር ነው። የላንጋኖን ሐይቅ በግራ አየነው፤ ውሃው እንደ ሻይ በወተት ነው። አርሲ ነጌሌ ላይ ቆሎ ገዛን። ቅዝቃዜው ተመልሶ ሲመጣ ጋቢዬን አውጥቼ ደረብኩ፤ ከሰኞ ጀምሮ ተሸክሜው የተጠቀምኩበት ያን ቀን ነው።

ሻሸመኔ የመንገድ መስቀለኛ ናት። ከየአቅጣጫው የጭነት መኪና፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ የተሸከመ ሰው ይመጣል፤ ሁሉም ይጮኻል። ለኔ ጩኸት ነው፣ አልፈዋለሁ። እህቴ ግን የምትሄደው በጆሮዋ እንደሆነ እዚህ ነው የገባኝ። መንገዱን ማቋረጥ ጀመርን፤ መሐሉ ላይ ስትደርስ ከሁሉም በኩል ክላክስ ተነፋ፣ የጭነት መኪና ፍሬንም ሲጢጥ አለ። ቀጥ ብላ ቆመች። ወደየት እንደምትሄድ ጠፋባት። አንድ ባጃጅ በቀሚሷ ጫፍ አለፈ።

«ውብሸት፣ እጅህን ስጠኝ» አለች።

ሰጠኋት። እጇ በረዶ ነበር። አሻገርኳት። የተሰማኝን ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ደንግጬ ነበር፣ ከድንጋጤው ሥር ግን ደስ ብሎኝም ነበር፤ አሸንፌ ነበርና። እሷም አውቃዋለች፤ የጫልቱ በር ላይ ስንደርስ «እሺ፣ እጭናለሁ» አለችኝ።

ሲስተር ጫልቱ ሰፊ ግቢ ያላቸው፣ ድምፃቸው ከበር የሚሰማ የአርሲ ሴት ናቸው። «አስኩ! በጋ ነጋን ዱፍቴ! እንኳን ደህና መጣሽ!» ብለው አቅፈው እያሽከረከሩ አስገቡን። ጭኮ የሚሉት በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ቀረበ፤ ትንሽ ስቀምስ የበላሁ ስላልመሰላቸው ሳህኔን እንደገና ሞሉት። ሁለቱ ሴቶች ስለ ድሮ ሥራቸው ሲያወሩ ቆዩና እህቴ ስለ መስቀለኛው ነገረቻቸው። ወደ ደብረ ብርሃን እንደምትሄድም ነገረቻቸው።

ጫልቱ ወደ እኔ ዞሩ። «ወስደህ ምን ልታደርጋት ነው?»

«ክፍል ሠርቼላታለሁ። ሁሉ ነገር አለው። ትቀመጣለች፤ ምንም አይጎድልባትም።»

«ስንት ዓመት?»

«እ?»

«ስንት ዓመት ትቀመጣለች ነው የምልህ።»

ጭኮውን ማየት ጀመርኩ። ቀጠሉና «ዱላ አልሰጧትም?» አሉ። ሐኪም ቤት ነጭ ዱላ እንደሰጧትና አልጋ ሥር እንደወረወረችው ነገርኳቸው። እህቴ ጣልቃ ገባች፤ «እሱን ይዤ ከበር ብቅ ስል አንዷ ከንፈር ልትመጥ፣ አንዱ ሳንቲም ሊወረውርልኝ ነው። አልፈልግም!»

ጫልቱ ሳቁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቀጭን፣ ዕድሜ ያለሰለሰው በትር አሳዩኝ። «ያ ሲንቄ ነው። ስዳር እናቴ የሰጠችኝ። እሱን ይዤ መንገድ ላይ ስቆም ሽማግሌውም ጎረምሳውም ይቆማል። የተጣላ ይለያያል። በእኛ ዘንድ በትር የያዘች ሴት አይታዘንላትም፤ መንገድ ይለቀቅላታል። አንቺ የፈራሽው ዱላውን አይደለም፤ ቀድመሽ ለራስሽ ያዘንሽው አንቺው ነሽ።»

«እንግዲያ ስጪኛ!» አለች እህቴ።

«ይሄማ አይሰጥም፣ የእናቴ ነው። ደግሞ ወንድምሽ አናጢ ነው አላልሽም? እዚህ ተቀምጦ ቅቤ ከሚጠጣ አይሠራልሽም?»

ዓርብ

ጃማይካ ሰፈር ከሚሉት ዝቅ ብሎ አንድ የእንጨት ቤት አገኘሁ። ባለቤቱ የሙያ ባልደረባ መሆኔን ሲያውቅ ማሽኑን አጥፍቶ ወንበር ሰጠኝ፤ ስለ እንጨት ዋጋ መወደድ አብረን አማረርን። የወይራ ቁራጭ መረጥኩ። እኛ ዘንድ ወይራ ለአጥርም ለቡና መጣጃ ማገዶም እናውለዋለን፤ እዚህ ሰውየው እንደ ልጁ እየዳሰሰ ነው ያሳየኝ። መላጊያና ብርጭቆ ወረቀት አውሶኝ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ።

ዱላውን ስሠራ ደስ አላለኝም። አልጋውን ስሠራ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልጋ የሚሠራለት ሰው የት እንደሚያድር ይታወቃል። ዱላ የያዘ ሰው የት እንደሚሄድ አይታወቅም። ትቼው ልነሣ ያልኩበት ጊዜ ነበር። ግን «ስንት ዓመት?» የሚለው ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣ አለ፣ እኔም መላጌን ቀጠልኩ። እንደ ሲንቄው ቀጭን አደረግኩት፤ የሲንቄው ዓይነት ግን አይደለም፣ ያን ለማስመሰል አልደፈርኩም። ጫፉን ብረት አለበስኩት፣ መያዣውን ከእጇ ጋር አስማማሁት።

ከሰዓት በኋላ ጫልቱን ይዘን ወደዚያው መስቀለኛ ሄድን። እህቴ ስልኩን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ዱላውን ፊቷ እያስቀደመች መንገዱ ዳር ቆመች። ጫልቱ «ስትሰሚ አይደለም የምትሻገሪው፤ ዱላውን ስታወጪ ነው። እነሱ ይዩሽ» አሏት። ዱላውን ዘረጋች። ባጃጆቹ ክላክስ አልተዉም፣ አንዱ ግን ቆመ፣ ሌላውም ከኋላው ቆመ። የጭነት መኪናው ሾፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «እለፉ እማማ!» አለ። መሐል ላይ የአንድ ሰውዬ ቅልጥም አገኘችና ሰውዬው «ኧረ በሕግ!» ብሎ ዘለለ፤ ይቅርታ ጠይቃው አለፈች። ከወዲያ ማዶ ሆና ዞረች፣ ተመልሳም መጣች። ግንባሯ ላብ በላብ ነበር። ከንፈር የመጠጠ ሰው አላየሁም። ዳግመኛ ተሻገረች፤ እኔ ወዲህ ቆሜ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ።

ቅዳሜ

በማለዳ በጫልቱ ግቢ ለመጨረሻ ጊዜ ስልኩን ከፍተን ቁጭ አልን። ጫልቱ አፑ የሚያወጣውን እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ስም በኦሮምኛ ያርሙት ነበር፤ እህቴም አብራቸው ትደግማለች። ከዚያ ቁርስ፣ ከዚያ ለመንገድ የተቋጠረ ጭኮ፣ ከዚያ በር ላይ ረጅም ምርቃት።

ሞጆ ስንደርስ «እንግዲህ ፍረድ» አለችኝ። ቦዩንም መረቡንም መስቀለኛውንም አሰብኩ። «አልጋውን ለሌላ እሰጣለሁ» አልኳት። ክንዴን መታ መታ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ዘይነባ ዱላውን ስታይ «ማሻ አላህ! ሲስተር፣ ሽማግሌ ሆነሽ ልታስታርቂን መጣሽ?» ብላ ተሳለቀች። እህቴ በዱላው ጫፍ የሱቋን በር አንኳኳች። «ዶሮሽን ዝም አሰኚ ብያለሁ» አለቻት።

እሑድ

ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ እህቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዱላዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። «የት ነው?» ስላት «ልሸኝህ ነዋ» አለች። ከዚህ ቤት ይዣት ልወጣ የመጣሁት እኔ ነበርኩ። እምቢ ብላት ሻንጣዬን በሌላ እጇ ልትይዝ ነው፤ ዝም ብዬ ተከተልኳት።

መናኸሪያው በእግር ይደረሳል። አዲስ አበባ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ቦታ ይዤ፣ ተሳስመን፣ «ደውልልኝ» ብላኝ ዞረች። በመስኮት አየኋት። በባጃጆቹ መሐል ዱላዋን እያስቀደመች ሄደች፤ አንድ የሐብሐብ ጋሪ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። ረዳቱን «መጣሁ» ብዬ ዘለልኩ። ሰውን እየተከለልኩ፣ እርምጃዬን እያሳነስኩ ከኋላዋ ተከተልኩ። ጋሪውን በዱላዋ ዳስሳ ዞረችው። የመናኸሪያውን በር አለፈች። መንገዱን ዱላዋን አውጥታ ተሻገረች። ከማዶ ያለው ጥላ ሥር ስትደርስ፣ እኔም ሦስት ሰው ያህል ርቄ ስደርስ፣ ሳትዞር ቆመች።

«ውብሸት፣ ረዳቱ ሞላ እያለ ነው። ጥሎህ እንዳይሄድ» አለችኝ።

እኔ ምንም አልሰማሁም ነበር። ዞር ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ፤ ከዚያ ሁሉ ክላክስ ማዶ እውነትም ይጣራል። እህቴ ሄዳ ነበር። እኔም ሮጥኩ።